የቅዳሜ ማታ ችሎት፦ የሚና ጨዋታ ክርክራችንን ሥርዓት የማስያዝ ሥራ፣ ከጎንደር

ጥቅምት

ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ማራኪ ሰፈር እኛ ቤት አምስት ሆነን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ሰሞኑን ግን ሰው ጫማውን እያጠለቀ የሚያወራው ስለ ጀብዱው መሆኑ ቀርቶ ስለ ጭቅጭቁ ሆኗል። «መጽሐፉ እኮ እንደዛ አይልም።» «ባለፈው ለእሷ ፈቅደሽላት የለ?» «እሺ ይሁንልህ፣ ግን ልክ አይደለህም።» አንዳንድ ማታ ከጨዋታው ክርክሩ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ሥራ ጀመርን። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የዳኝነት ሥርዓት እናወጣለን፣ እየተጫወትን እንፈትነዋለን፣ ያልሠራውን እንሰርዛለን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ከመካከላችን አንዱ አጫዋች ይሆናል። ታሪኩን ይተርካል፤ ወታደሩንም፣ ነጋዴውንም፣ ንጉሡንም ሆኖ ይናገራል። የቀረነው አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘን «እንዲህ አደርጋለሁ» እንላለን። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ጎን ዳይስ ይጣላል፣ የገጸ ባሕርዩ ችሎታ ይደመርበታል፣ ድምሩ ከማለፊያው ቁጥር ጋር ይተያያል። መጽሐፋችን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 5ኛ እትም ነው። ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። የ5ኛው እትም መሠረታዊ ሕጎች በ2023 እ.ኤ.አ. በነጻ ፈቃድ ስለተለቀቁ ስልካችን ላይ ጭነን እንጠቀምባቸዋለን።

አብዛኛውን ጊዜ አጫዋቿ እኔ ነኝ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የሕግ ተማሪ ነው፤ ክርክር ሲሸተው ወንበሩን ወደ ፊት ያስጠጋል። ጠንቋይ ይጫወታል። አንዷ ነርስ ናት፤ ከተረኝነት በቀጥታ ስለምትመጣ ለረጅም ንግግር ትዕግሥት የላትም። ፈዋሽ ነው የምትጫወተው፤ «እዚህም ሥራ» ትላለች። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ የሚጫወተው ወታደር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሒሳብ ሲከራከር ውሎ እዚህም ያንኑ ይቀጥላል። አራተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። 12ኛ ክፍል ናት፣ ሌባ ትጫወታለች፣ ብዙ አትናገርም።

ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ የፈጠራ ከተማ ነው። ግንብ አለው፣ የአንበሳ ቤት አለው፣ ውኃ የሚሞላ ትልቅ ገንዳ አለው። ከየት እንዳመጣሁት ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። መጽሐፉ ርቀት የሚለካው በእግር ስለሆነ ወደ ክንድ ቀየርነው። የመጽሐፉ 10 እግር 3 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ 6 ክንድ አልነው። ማንም ክንዱን ዘርግቶ ማሳየት ስለሚችል ይሄ ብቻውን ብዙ ጭቅጭቅ ቀነሰልን።

መዝገቡ ላይ የገባው የመጀመሪያ ጉዳይ ይኼ ነው። ወታደሩ የቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆመ። አጋፋሪውን «ዘውዱን አምጣልኝ» አለው። ያለ ምንም ማባበያ፣ እንዲሁ በድፍረት። እኔ ሳልጠይቀው ዳይስ ጣለ፣ 20 ወጣ። «ሃያ! አለቀ! ዘውዱ የኔ ነው!»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። መጽሐፉ 20 ሲወጣ ምንም ይሁን ምን ይሳካል የሚለው ለጥቃት ብቻ ነው፤ ሰይፍ ስትሰነዝር፣ ቀስት ስትወረውር። ለማሳመን፣ ለመውጣት፣ ለመደበቅ ግን 20 ትልቅ ቁጥር ነው እንጂ ተአምር አይደለም። ይደመራል፣ ይተያያል፣ በቃ። የሕግ ተማሪው ስልኩን አውጥቶ አነበበለት። ባጃጅ ነጂው «ታዲያ የማይቻል ከሆነ ለምን አስጣልሽኝ?» አለኝ። እኔ አላስጣልኩትም፣ ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። የማይሳካ ነገር ላይ ዳይስ መጣል የለበትም። የማይከሽፍ ነገር ላይም እንደዚሁ።

አጋፋሪው ከልቡ ሳቀ፣ «እንዲህ ያለ ቀልደኛስ ይግባ» ብሎ በሩን ከፈተለት። ዘውዱ ግን በቦታው ቀረ። ገጹ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያው መስመር ይህ ሆነ፦ አጫዋቿ ሳትጠይቅ የተጣለ አይቆጠርም፤ ስትጠይቅ ደግሞ አስቀድማ የማለፊያውን ቁጥርና ሲከሽፍ የሚመጣውን ትናገራለች።

ቁጥሩን ማስቀደም ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሰው የሚያኮርፈው ስለከሸፈ አይደለም፤ ከከሸፈ በኋላ ዋጋውን ስለሰማ ነው። ባጃጅ ላይ ሳትወጣ ሒሳብ መነጋገር ማለት ነው፣ ይሄን ደግሞ ከሁላችንም በላይ የሚያውቅ ሰው አጠገባችን ተቀምጧል።

ጥቅምት መጨረሻ

የዚህ ሰሞን ሥራ ቆርኪ ነው።

ባለ 20 ጎን ዳይስ አንድ ብቻ ነበረን፤ እሱም ጠፋ። አራዳ ገበያ ዞሬ አላገኘሁም። ያለው የሉዶው ባለ 6 ጎን ነው። ስልክ ላይ የሚጣል ዳይስ ሞከርን። ባጃጅ ነጂው 2 እና 3 ሲደጋገምበት «ስልኩ ያንቺ ስለሆነ ነው» አለ። የቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። ዳኝነት ላይ እየሠራን ዕጣው ራሱ ከተጠረጠረ ምን ዋጋ አለው።

ከሠፈራችን ግሮሰሪ አንድ ፌስታል ቆርኪ ተሰጠኝ፤ አብዛኛው የዳሽን ነው። መክፈቻ ያጎበጠውን ለይቼ ጣልኩ። የቀሩትን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ በመዶሻ ጠፍጠፍ አደረግኋቸው። ከውስጣቸው ያለችውን ስስ ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ አወጣሁና ከ1 እስከ 20 በማርከር ጻፍኩ። 6 እና 9 እንዳይምታቱ ከሥራቸው መስመር አሰመርኩ። እናቴ ከአሮጌ ነጠላ ትንሽ ከረጢት ሰፋችልን። እጅህን ታስገባለህ፣ አንድ ታወጣለህ፣ ያ ነው ዳይስህ።

የመጀመሪያው ማታ ነርሷ እጇን አስገብታ ዓይኗን ጨፍና 20ን አወጣች። መለሰችው። እንደገና አወጣችው። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን አየናት። «ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥር አለችው፣ ጣቴ ያውቃታል» አለች። ደም ሥር በጣቱ የሚፈልግ ሰው ቆርኪ አይጠፋበትም። ሁሉንም በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያቸውን አሸሁ። አሁን እሷም አትለያቸውም፤ ሞክራለች።

ከዚያ ግን ያልጠበቅነው ሕጋዊ ጥያቄ መጣ። መጽሐፉ ሁኔታው ሲመችህ ሁለት ጣልና ትልቁን ያዝ ይላል፤ ሳይመችህ ሲቀር ሁለት ጣልና ትንሹን። በዳይስ ቀላል ነው። በቆርኪስ? የመጀመሪያውን ከረጢት ውስጥ ሳትመልስ ሁለተኛውን ታወጣለህ ወይስ መልሰህ? ባጃጅ ነጂው «ሁለቱንም አንድ ላይ ዘግኖ ማውጣት ነው» አለ። የሕግ ተማሪው «ልዩነት የለውም» አለ።

ልዩነት አለው። እህቴ ደብተሯ ጀርባ ላይ ሠራችው። 11 እና ከዚያ በላይ የሚያስፈልግህ ከሆነ በአንድ ዕጣ ዕድልህ 50 በመቶ ነው። ሁለት አውጥተህ ትልቁን ስትይዝ፣ መልሰህ ካወጣህ 75 በመቶ ይሆናል። ሳትመልስ ካወጣህ ግን ዝቅ ያለ ቁጥር አንዴ ከወጣ ከረጢቱ ውስጥ የቀሩት ዝቅ ያሉት 9 ናቸው፣ ከፍ ያሉት 10። ስለዚህ ወደ 76.3 በመቶ ይወጣል። ሳይመች ሲቀር ደግሞ በተቃራኒው ከ25 ወደ 23.7 ይወርዳል። ትንሽ ናት፣ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ትገፋለች፦ የተመቸውን ታበረታለች፣ ያልተመቸውን ትጫነዋለች። ሁለቴ 20 ማውጣትም ጭራሽ የማይሆን ነገር ይሆናል።

ፍርድ፦ ይመለስ፣ ከረጢቱ ይነቅነቅ፣ ሌላ ይውጣ።

የሕግ ተማሪው «ለ1.3 በመቶ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለ። አዎ። ለዚያ ነው። እህቴ ግን ያን ቀን ከወትሮው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ነበር የተቀመጠችው።

ኅዳር፣ ከሚካኤል ማግስት

የዛሬው ጉዳይ ሥራውን አቅጣጫ አስቀየረው።

የእህቴ ሌባ «ግንቡን ዘልዬ እገባለሁ» አለች። ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ የሕግ ተማሪው ስለ ዝላይ የሚለውን ክፍል ከፈተ። መጽሐፉ ተንደርድረህ ወደ ላይ ስትዘል ከፍታው 3 እግር ሲደመር የጉልበት ጭማሪህ ነው ይላል። የሌባዋ ጉልበት ተራ ስለሆነ ጭማሪ የላትም። 3 እግር 2 ክንድ አይሞላም። እኔ የተረኩት ግንብ 8 ክንድ ነው። ባጃጅ ነጂው «እኔ ትከሻዬን እሰጣታለሁ» አለ። ነርሷ «መጽሐፉ እጅህን ስትዘረጋ የቁመትህ ግማሽ ይጨመራል ይላል» አለች። ልክ ነው፣ ይላል። የሕግ ተማሪው «ትከሻ ላይ ቆሞ መንደርደር አይቻልም» አለ። ይሄም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነበር። ቡናው ቀዘቀዘ።

ከዚህ በፊት የሕግ ተማሪው ያነሳት አንድ ነገር ትዝ አለችኝ። በጥንቱ የነገሥታት ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ቃል የሚጀምረው ከታናሹ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል፤ ንጉሡ የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ትልቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ምን ቀረው? «ጌታዬ እንዳሉት» ከማለት ሌላ። እዚሁ እኛ ከተማ፣ ከፋሲል ዘመን ጀምሮ የዙፋን ከተማ በሆነች ጎንደር ያ ሥርዓት ነበር። እኛ ግን ፒያሳ ካፌ ላይ እንዳለ ሰው አንድ ላይ እንጮሃለን።

«ከታናሽ እንጀምር» አልኩ። ሁሉም ወደ እህቴ ዞረ።

«እኔ እኮ ያልኩት ትልቁን ግንብ አይደለም» አለች። «ጥጉ ላይ የፈረሰ ነገር አለ አላልሽም? እሱን ነው። ወገብ ድረስ ነው የሚመጣው።»

እውነትም ብዬ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ለጌጥ ያህል፣ «የግንቡ ጥግ በዝናብ ተንዷል» ብዬ አልፌ ነበር። እሷ ይዛዋለች። ማንም ሌላ አልያዘውም። ስለ ዝላይ ከፍታ፣ ስለ ትከሻ፣ ስለ ቁመት ግማሽ ያን ያህል ስንጨቃጨቅ እሷ የምትዘለው ወገብ የሚደርስ ፍርስራሽ ነበር። ለዚያ ዕጣም አያስፈልግም። ዘለለች፣ ገባች።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጬ ያሉትን ጉዳዮች እንደገና አየኋቸው። አብዛኞቹ የሕግ ክርክር አይደሉም። አንዱ ጨለማ ውስጥ ነን ብሎ ያስባል፣ ሌላው ችቦ በርቷል ብሎ ያስባል። አንዱ ጠላቱ አጠገቡ ነው፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ። መጽሐፉን ከፍተን የምንፈልገው መልስ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እዚያው ተቀምጠን ባለነው ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ገጹ ላይ ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው መስመር ተቀየረ፦ መጽሐፍ ከመከፈቱ በፊት ሁሉም ከታናሽ ጀምሮ የሚታየውን ይናገር፣ አጫዋቿም ወረቀት ላይ ታስምር። ተናጋሪው ማድረግ የፈለገውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደፈለገም ይበል። «እዘላለሁ» አይበቃም። «ጠባቂው ሳያየኝ ግቢ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ» ይበቃል።

ኅዳር መጨረሻ

የነርሷ ተረኝነት ስለገጠመ አልተጫወትንም። እኔና የሕግ ተማሪው ቁጭ ብለን ሥልጣኑ የማን ይሁን በሚለው ተከራከርን፤ የመጽሐፉ ነው የአጫዋቿ?

ክርክሩ ከጨዋታው ያረጀ ነው። በ1824 እ.ኤ.አ. ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ መኮንን የጦርነት ጨዋታ አሳተመ፤ ካርታ፣ ዳይስ፣ የጉዳት ሠንጠረዥ ያለው፣ በመካከል ዳኛ የሚቀመጥበት። መኮንኖች ሠለጠኑበት። እየቆየ ሠንጠረዡ አታካች ሆነ። በ1876 እ.ኤ.አ. ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የሚባል ሌላ መኮንን መጣና ሠንጠረዡን ትታችሁ ልምድ ያለው ዳኛ ይወስን አለ። አንዱ ወገን በሕግ፣ ሌላው በዳኛ። ከዚያ የጦርነት ጨዋታ ቤተሰብ ነው የኛ ጨዋታ የተወለደው። ጠቡንም አብሮ ወርሷል።

የሕግ ተማሪው የመጽሐፉ ወገን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። አይደለም። «ዳኛ ሳይኖር ሕግ ማን ይተረጉመዋል?» አለኝ። እሱ የሚፈልገው ዳኛው ትናንት ያለውን ዛሬ እንዳይገለብጥ ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትን አነሳ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ቢያንስ አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል ተባለ። «እኛም አምስት ነን» ብሎ ሳቀ።

ቀልዱን ወሰድኩለት። ጨዋታው ላይ አጫዋቿ ወዲያው ትወስናለች፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ጉዳዩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ማታው ሲያልቅ አምስታችንም መጽሐፉን እናያለን፣ የተስማማንበት በቀይ እስክሪብቶ ይጻፋል። ቀዩ ያስገድዳል። አጫዋቿንም ጭምር።

ሌላም ነገር አገኘ። መጽሐፉ ራሱ ዝርዝሩ ሕግ ጠቅላላውን ያሸንፋል ይላል። ጠቅላላው ሕግ በአንድ ተራ አንድ ድርጊት ካለና የአንተ ችሎታ ሁለት ከፈቀደልህ፣ የአንተው ይሠራል። «ይሄማ የኛው ነው» አለ፤ ልዩ ሕግ ጠቅላላ ሕግን ይሽራል። ያን ቀን ከጨዋታ ይልቅ የትምህርት ክፍል መሰለ። ባጃጅ ነጂው ባለመኖሩ ነው የተረፍነው።

ታኅሣሥ፣ ጾሙ ሳይፈታ

ዋስና ውርርድ ሞከርን።

ነገሩ ከበላ ልበልሃ የመጣ ነው። በዱሮው ሙግት ተሟጋቹ ቆሞ፣ ነገሩን አሳምሮ፣ በግጥም ሳይቀር ይናገራል። ዋስ ይጠራል። በመሐል ይወራረዳል፤ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ። ሕዝቡ ያዳምጣል። እኛ የወሰድነው እንዲህ ነው፦ የአጫዋቿን ፍርድ የሚቃወም ሰው በመጀመሪያ ዋስ ይጥራ። ከሌሎቹ አንዱ «ዋስ ነኝ» ካላለው ጉዳዩ አይከፈትም። ዋስ ካገኘ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ማታ መጽሐፉ ሲታይ ከተረታ ደግሞ የሚቀጥለውን ሳምንት ቡናና ቆሎ ያመጣል።

ዋሱ ወዲያው ሠራ። የሕግ ተማሪው ጠንቋይ በአንድ ጊዜ ሁለት ትኩረት የሚሹ ድግምቶች ይዞ መቆየት ፈለገ። መጽሐፉ አንድ ብቻ ይላል፤ ሁለተኛውን ስትጀምር የመጀመሪያው ይበተናል። እሱ ግን «የመጀመሪያውን ድግምት ያሰርኩት ቀለበቱ ላይ ነው» ብሎ አንድ ረጅም ነገር ጀመረ። «ዋስ ጥራ!» አለችው ነርሷ። ዙሪያውን አየ። ባጃጅ ነጂው ቆሎውን እየቆረጠመ ወደ ጣሪያው ተመለከተ። እህቴ አቀርቅራ ሳቀች። ጉዳዩ ተዘጋ። ከዚህ በፊት ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይበላ ነበር።

ውርርዱ ግን አልሠራም። ባጃጅ ነጂው በደህና ቀን ኪሱ ሞልቶ ስለሚመጣ ለሁሉም ነገር መወራረድ ጀመረ። «ቡና ምናባቱ፣ ይከፈት!» ይላል። እህቴ ደግሞ ኪሷ ውስጥ ምንም የለም፤ ልክ መሆኗን እያወቀች ዝም አለች። ከጨዋታው በኋላ ነው «ያ ነገር ስህተት ነበር እኮ» ያለችኝ። ለምን አልተናገርሽም ስላት «ብሸነፍ ቆሎ በምን እገዛለሁ?» አለችኝ። መወራረጃ ያለው ሰው ብቻ የሚከራከርበት ችሎት ሆነ ማለት ነው። በቅሎ ያለው ሰው ዱሮም ሳይቀለው አልቀረም።

ውርርዱ ተሰረዘ። ዋሱ ቀረ። ቆሎው በየተራ ነው።

ታኅሣሥ፣ ገና ሊደርስ ሲል

ከባዱ ጉዳይ መጣ። ሰው ሞተ።

ያን ማታ አጫዋቿ ነርሷ ነበረች፣ እኔ ተጫዋች ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የእህቴ ሌባ ከማማ ላይ ስትወርድ ገመዱ ተበጠሰ። ከፍታው 24 ክንድ ነው። ነርሷ በየ 3 ክንዱ አንድ ባለ 6 ጎን ዳይስ ይጣል አለች፣ ስምንት ዳይስ። የሉዶ ዳይሶቹ ተጣሉ፣ 31 ወጣ። ሌባዋ በሰዓቱ የቀራት የሕይወት ነጥብ (ጉዳት በደረሰ ቁጥር የሚቀነሰው) 11 ነው፣ ሙሉው 18። 31 ሲቀነስ 11 የተረፈው 20 ነው። መጽሐፉ ደግሞ ዜሮ ከገባህ በኋላ የተረፈው ጉዳት ሙሉ ሕይወትህን ካከለ ወይም ከበለጠ ወዲያው ሞተሃል ይላል። 20 ከ18 ይበልጣል። ማንም አልተቃወመም። እህቴ የገጸ ባሕርይዋን ወረቀት አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ላይ መጽሐፉ ታየ። የመውደቅ ጉዳት በየ 10 እግሩ አንድ ዳይስ ነው፣ በየ 6 ክንዱ ማለት ነው፤ ሲበዛ 20 ዳይስ። ስለዚህ መጣል የነበረበት 4 ብቻ ነው። 4 ዳይስ ሁሉም 6 ቢወጣ እንኳ 24 ነው። 24 ሲቀነስ 11 የሚተርፈው 13 ነው። 13 ደግሞ 18 አይደርስም። በምንም ዕጣ ወዲያው አትሞትም ነበር ማለት ነው። ራሷን ልትስት ትችላለች፣ ሌላው ደርሶ ሊያነሳት ይችላል።

በሥርዓታችን መሠረት ቀዩ ፍርድ የሚሠራው ለወደፊት ነው። ይህን ያልነው ሆን ብለን ነው። አለዚያ ስህተት በተገኘ ቁጥር የዛሬ ሳምንቱን ጦርነት እንደገና ልንዋጋ ነው። ነርሷም «ሥርዓት ሥርዓት ነው» አለች፣ ፊቷ ግን ሌላ ነገር ይላል።

የሕግ ተማሪው ተነስቶ ቆመ። በእውነት ቆመ። ለራሱ ጉዳይ ሲሆን የሚያበዛውን ቃል ሁሉ ትቶ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰ። «የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ይላል። ንዑስ አንቀጽ ሁለቱ ግን በኋላ የወጣው ሕግ ለተከሳሹ የሚጠቅም ከሆነ ይሠራል ይላል። ሌባዋ ተከሳሽ ናት፣ ጠበቃዋ እኔ ነኝ።» ባጃጅ ነጂው ሳይጠራ «ዋስ ነኝ» አለ።

ቃል ከታናሽ ይጀምራል፤ ታናሿ ደግሞ ባለጉዳይዋ ናት። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ባለጉዳይ አይፈርድም ተባለና ከባጃጅ ነጂው ተጀመረ፤ ከእህቴ ቀጥሎ ታናሹ እሱ ነው። ዙሩ ነርሷ ጋ ሲደርስ «ትትረፍ» አለች፣ ትንፋሿ ወጣ።

ቀዩ ጽሑፍ እንዲህ ሰፈረ፦ የታረመ ሕግ ወደ ኋላ የሚሠራው ገጸ ባሕርይ ከሞት ለማትረፍ ብቻ ነው፤ እሱም ስህተቱ ከመጪው ጨዋታ በፊት ከተገኘ። ወርቅ አይመለስም፣ የተሸነፈ ጦርነት አይመለስም። ሌባዋ በማግሥቱ ከማማው ሥር፣ ገለባ ክምር ላይ፣ እግሯ ተሰብሮ ተገኘች። እግሯ ይሰበር ያለችው እህቴ ናት። «ወድቄ ምንም ሳልሆን ብነሳ ማን ያምነኛል?» ብላ።

ጥር

ጨዋታ የለም። ጥምቀት ነው። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ከረጢቱን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላውቅም። ባጃጅ ነጂው ከነጋ እስኪመሽ ወደ ፋሲል መዋኛ ሰው ያመላልሳል፤ ስንገናኝ የሚያወራው ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ የዘመዶቻችን ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ አየኋቸው። ከመጀመራቸው በፊት «በናንተ ሰፈር እንዴት ነው?» ተባባሉና ተስማሙ። ማንም መጽሐፍ አላወጣም። ለአዲስ ተጫዋች የሚነበብ አንድ አንቀጽ እንደሚያስፈልገን ያኔ ታየኝ፤ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው፣ ሞት አለ ወይ፣ ምን አይነሳም።

የካቲት

ገጹ ተጻፈ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከላይ ስዕሉ ይቅደም ይላል፣ ከታናሽ ጀምሮ። ከዚያ ቁጥሩና ዋጋው አስቀድሞ ይነገር። ተቃውሞ በዋስ ነው፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር። አጫዋቿ ወዲያው ትወስናለች፣ መጽሐፉ ማታ ይታያል፣ ቀዩ ያስገድዳል፣ ሞት ብቻ ወደ ኋላ ይታያል። ቆርኪ ይመለሳል። ግማሹ ገጽ ባዶ ነው፤ እንደዚያ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ሕግ ተማሪው ባየው ቁጥር እስክሪብቶ ይፈልጋል።

የሕግ ተማሪው ጓደኞች ግቢ ውስጥ ሊጫወቱ ፎቶ አንስተው ወሰዱት። ዋሱን አልወደዱትም አሉ። ሁሉም ጓደኛሞች ስለሆኑ ለማንኛውም ነገር ሁሉም ዋስ ይሆናል። እነሱ ያደረጉት አንድ ሰው በማታው አንዴ ብቻ ዋስ መሆን ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ነው፤ እኛም ልንሞክረው ነው።

መጽሐፍ የሚታይባቸው ጉዳዮች አልቀነሱም። ግን የሚታዩት ማታ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ማንም ምንም ሊያጣ በማይችልበት ሰዓት ነው። ባጃጅ ነጂው ራሱ እየገለጠ መፈለግ ጀምሯል። እንግሊዝኛውን ለእህቴ ይሰጣታል፣ እሷ ታነብለታለች፣ እሱ «በይ እንደገና» ይላታል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጫዋቿ እህቴ ናት። ያደረ ጉዳይ ይጠብቃታል። ባለፈው ያቆምነው ገንዳው ዳር ነው፤ ጠንቋዩ የእሳት ኳስ ሊወረውር እጁን አንስቷል። ኳሱ ከመሐሉ 12 ክንድ ዙሪያውን ያቃጥላል፤ ወታደሩ ደግሞ ከጠላቶቹ ጋር ውኃው ውስጥ ሲታገል ነበር። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ የገባ ከእሳት ጉዳት የሚደርስበት ግማሹ ነው ይላል። ባጃጅ ነጂው ጠልቄያለሁ ባይ ነው። የሕግ ተማሪው «ቅድም ስትሳደብ ሰምቼሃለሁ፣ አፍህ ከውኃ በላይ ነበር» ይላል። ነርሷ ለባጃጅ ነጂው ዋስ ሆናለች። እህቴ ስዕሉን ከዛሬ ጀምራ እየሳለች ነው፤ የውኃው ጥልቀት ስንት ክንድ እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም።